የቼክ ስደተኞችና የዜግነት ሐረግ፦ አያት ላይ የሚደርሰው፣ ቅድመ አያት ላይ የሚበጠሰው

በኦክቶበር 2025 በተደረገው የቼክ ሪፐብሊክ የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ፣ ውጭ አገር የሚኖሩ ዜጎች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን በፖስታ ላኩ። ከዚያ በፊት ቴክሳስ የሚኖር የቼክ ዜጋ መምረጥ ቢፈልግ ዋሽንግተን፣ ኒው ዮርክ፣ ቺካጎ ወይም ሎስ አንጀለስ ድረስ በራሱ ወጪ መጓዝ ነበረበት፤ የምርጫ ሳጥኑ የሚገኘው ኤምባሲና ቆንስላ ውስጥ ብቻ ነበርና። ሕጉ በ2024 እስኪጸድቅ ድረስ ፓርላማው ውስጥ ብዙ ተጎትቷል። ተቃዋሚዎቹ የድምፅ ምስጢራዊነት በፖስታ እንዴት ይጠበቃል ብለው ጠየቁ፤ አገሩን ትቶ የሄደ ሰው እዚያው የቀረው በሚኖርበት ሕግ ላይ እጁን ማስገባቱም አልተዋጠላቸውም።

ከዚህ ጭቅጭቅ ጀርባ ግን ብዙም ያልተነሳ ጉዳይ አለ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ዘራቸውን ከቼክ የሚመዝዙ ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ አብዛኞቹን የፖስታው ምርጫ አይነካቸውም፤ ዜጎች አይደሉምና። ዜጋውን ከዜጋ ያልሆነው የሚለየው ቋንቋ መቻል ወይም ባህል መጠበቅ አይደለም። አያቱ በየትኛው ዓመት ወጣ? ሲወጣ የማን ተገዥ ነበር? በደረሰበት አገር የፈረመው ወረቀት ምን ይላል? ነገሩ ሁሉ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ተንጠልጥሏል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሬት ለማግኘት ንጉሥን መካድ

ቀደምቶቹ የቼክ ስደተኞች በሃይማኖት ምክንያት የወጡ ነበሩ። በ1620 ፕራግ አጠገብ በነጭ ተራራ ፕሮቴስታንቶቹ ከተሸነፉ በኋላ ብዙ ሰው ተሰደደ። አውጉስቲን ሄርማን የሚባለው የቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ ምዕራባዊ ክፍል) ሰው የቨርጂኒያንና የሜሪላንድን ካርታ ሠርቶ፣ ለድካሙ «ቦሄሚያ ማነር» ያለውን ሰፊ ርስት ሜሪላንድ ውስጥ አገኘ። በምሥራቁ ክፍል በሞራቪያ ስም የተጠራው፣ የሞራቪያ ወንድማማቾች የሚባለው ማኅበር ደግሞ በ1741 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ቤተልሔም የምትባለውን ከተማ ቆረቆረ። እነዚህ ግን ጥቂቶች ናቸው። ሕዝቡ በጅምላ መንቀል የጀመረው ከ1848 ወዲህ ነው።

በዚያ ዓመት ገባሩ ለባላባቱ በነፃ ይሠራው የነበረው የግዴታ ሥራ፣ በቼክኛ ሮቦታ የሚባለው፣ ቀረ። ዛሬ «ሮቦት» የምንለው ቃል ከዚሁ ሥር የመጣ ነው። ገበሬው ከጉልበት ዕዳ ነፃ ቢወጣም ለብዙዎቹ መሬቱ ከጓሮ ብዙም የማይበልጥ ነበር። በደቡብ ቦሄሚያና በሞራቪያ ኮረብታዎች ጎጆና ጥቂት ቁራጭ ማሳ ያለው ሰው ክረምት ክረምት እየሸመነ ነበር ጎደሎውን የሚሞላው፤ የፋብሪካ ጨርቅ ሲመጣ ይህም ቀረ። የተሰደደው ግን ፍጹም ድሃው አልነበረም። ድሃው ለመርከብ የሚከፍለው የለውም። የተሰደደው ጎጆውን ሸጦ ዕዳውን ከፍሎ የሚተርፈው፣ ልጆቹ ሲካፈሉት ግን ማሳው ለማንም እንደማይበቃ የገባው ባለ ጎጆ ነው።

ያኔ ቼኮችን ትገዛ የነበረችው የኦስትሪያ የ1867ቱ ሕገ መንግሥት የመሰደድን መብት ሲፈቅድ የተወው ገደብ አንድ ብቻ ነው፦ የውትድርና ግዴታ። አሠራሩ እንዲህ ነበር። ቤቱ ይሸጣል፤ ዕዳ ይዘጋል፤ ለወረዳው ሹም ማመልከቻ ይገባል፤ ለውትድርና የደረሰ ወንድ ልጅ ካለ የእሱ ነገር አስቀድሞ ይጨረሳል፤ ከመርከብ ድርጅት ወኪል ጋር ውል ይፈረማል፤ ከዚያ በባቡር ወደ ብሬመን ወይም ወደ ሀምቡርግ። ከዕቃ ሁሉ የላባው አልጋ ልብስ አይቀርም ነበር። በሸራ መርከብ ጉዞው ሁለት ወር ያህል ይፈጅ ነበር፤ የእንፋሎት መርከብ ሲመጣ ወደ ሁለት ሳምንት ወረደ።

የመንገድ ምርጫ ሕይወትና ሞት ይወስን ነበር። ቴክሳስ ካት ስፕሪንግ በምትባል መንደር የነበረው ፓስተር ዮሴፍ ቤርግማን ስለ አገሩ የጻፈው ደብዳቤ ምሥራቅ ቦሄሚያ ከደረሰ በኋላ፣ በ1851 ሰባ ያህል ሰዎች ተነሡ። በሀምቡርግ በኩል ሊቨርፑል ገቡ፤ እዚያ በሰው ወደታጨቀ ሌላ መርከብ ተዛወሩ፤ ኒው ኦርሊንስ፣ ከዚያ ጋልቬስተን። ከመካከላቸው ግማሽ ያህሉ መንገድ ላይና እንደደረሱ ሞቱ። የገደላቸው ባሕሩ ራሱ ሳይሆን መተላለፊያው ነው፦ መርከብ በተቀየረ ቁጥር ወረፋ፣ የተበላሸ ምግብ፣ የሌላ ሰው በሽታ። ከእነሱ ቀጥሎ የተነሡት ከብሬመን በቀጥታ ጋልቬስተን የሚገባ መርከብ ያዙ።

ኔብራስካና ካንሳስ ሌላ ነገር ነበረ። የ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል መሬት፣ ከመዝገብ ክፍያ በቀር በነፃ ሰጠ። ግዴታው ቤት መሥራት፣ ማረስና 5 ዓመት መቆየት ነው። ቴክሳስ የፌዴራል መንግሥት መሬት ስላልነበረባት እዚያ የሰፈሩት ሞራቪያውያን ጥቁር አፈሩን በገንዘባቸው ገዝተው ጥጥ ዘሩበት፤ ልዩነቱ ኋላ ላይ ዋጋ ይኖረዋል። በሆምስቴድ መሬት ለመመዝገብ አመልካቹ ወይ አሜሪካዊ መሆን አለበት፣ ወይ ለመሆን ማሰቡን በፍርድ ቤት ያወጀ። «የመጀመሪያው ወረቀት» የሚባለው ይህ ነው። በወረቀቱ ላይ አመልካቹ ለማንኛውም የውጭ ንጉሥ፣ በተለይም ለኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት፣ ያለበትን ታማኝነት ለዘለዓለም እንደሚተው ይናገራል። ከ5 ዓመት በኋላ መሬቱ በስሙ ሊዞር ሲል ደግሞ ሁለተኛውን ወረቀት አውጥቶ ዜጋ መሆን አለበት። ኔብራስካ የሰፈረው ቼክ ንጉሠ ነገሥቱን ፍራንዝ ዮሴፍን የካደው በፖለቲካ አይደለም፤ ለ65 ሄክታር ነው። ይህንኑ መካድ ቪየናም ተቀበለችው፦ በ1870 አሜሪካና ኦስትሪያ-ሃንጋሪ የተፈራረሙት ውል፣ 5 ዓመት ኖሮ አሜሪካዊ የሆነ ሰው አሜሪካዊ መሆኑን አወቀ።

እንጨት በሌለበት ሜዳ የመጀመሪያው ቤት የሣር አፈር ነበር። ሣሩ እርጥብ ሳለ፣ ሥሩ አፈሩን እንደያዘ፣ በማረሻ ረጅም ሆኖ ይቆረጥና እንደ ጡብ ይደረደራል፤ የሣሩ ፊት ወደ ታች። ግድግዳው ከግማሽ ሜትር በላይ ስለሚወፍር ለበጋም ለክረምትም ይስማማል። ችግሩ ጣሪያው ነው። ዝናብ ሲዘንብ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ውጭው ካባራም በኋላ ውስጡ ያንጠባጥባል፤ ተሸካሚው እንጨት ቀጭን ከሆነ ይደረመሳል። ደረቅ አፈር የቆረጠ ሰው ደግሞ ግድግዳው ክረምቱን ሳይሻገር ይፈርስበታል።

ባሕር የተሻገረው ዕድር

ከመሬቱ ይልቅ ለጥናት የሚመቸው ማኅበሮቻቸው ናቸው። በ1854 በሴንት ሉዊስ ከተማ የተቋቋመው፣ በምህጻሩ ቼ-ኤስ-ፔ-ኤስ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር፣ ለአማርኛ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ዕድር ነው። አባል ሲታመም ይረዳል፣ ሲሞት ይቀብራል፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል። እንዲህ ያለው ማኅበር ያስፈለገበትም ምክንያት ነበረው። አሜሪካ ከገቡት ቼኮች ብዙዎቹ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርቀው «ነፃ አሳቢ» ነን ባዮች ስለሆኑ ሬሳቸውን የሚቀበል አጥር አልነበራቸውም። ቺካጎ ውስጥ አንዲት ቼክ ሴት ሞታ የካቶሊክ መካነ መቃብር አልቀብርም ካለ በኋላ፣ ማኅበሮቹ ገንዘብ አዋጥተው በ1877 የቦሄሚያ ብሔራዊ መካነ መቃብር የተባለውን ከፈቱ። በ1933 የተገደለው የቺካጎ ከንቲባ፣ ክላድኖ የተወለደው አንቶን ቼርማክ፣ የተቀበረው እዚያ ነው።

የማኅበሩ ሒሳብ ግን ውስጡ የተቀበረ ፈንጂ ነበረው። ሰው ሲሞት ሁሉም አባል እኩል ያዋጣል፦ የ20 ዓመቱ ጎረምሳም የ55 ዓመቱ ሽማግሌም። እንበልና 1,000 አባላት ቢኖሩ፣ ለሟች ቤተሰብ 1,000 ዶላር ቢሰጥ፣ በአንድ ሞት እያንዳንዱ 1 ዶላር ያዋጣል። አባላቱ ወጣቶች ሳሉ በዓመት 5 ሰው ቢሞት መዋጮው 5 ዶላር ነው፤ አብረው ሲያረጁ 20 ሰው ቢሞት 20 ዶላር ይሆናል። ያኔ ወጣቱ ያሰላል። የሽማግሌዎችን ሞት ለመክፈል ከሚገባ ይቀራል፤ የገባውም ይወጣል። የወጣ ቁጥር የቀሩት መዋጮ ይንራል፤ መዋጮው በናረ ቁጥር ሌላው ይወጣል። ፈንድ ያላጠራቀመ፣ በሞት ልክ ብቻ የሚያዋጣ ማኅበር ሁሉ መጨረሻው ይሄ ነው፤ የትም አገር ቢሆን።

በ1897 የምዕራቡ ቅርንጫፎች፣ አብዛኞቹ የኔብራስካና የአዮዋ ወጣት ገበሬዎች፣ ተገንጥለው ኦማሃ ላይ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ መዋጮው በዕድሜ ይለያይ፤ ሴቶችም በእኩልነት ይግቡ። በዚያው ዓመት የቴክሳሶቹም ወጥተው ኤስ-ፔ-ይ-ኤስ-ቴ የሚባለውን አቋቋሙ። ይኸኛው ዛሬም በቴምፕል ከተማ ዋና ቢሮ ይዞ የሕይወት መድን ይሸጣል። በጊዜው መለያየቱ ክህደት ተብሎ ተወግዟል፤ እንደኛ ግምት ግን ቴክሳስ ውስጥ የቼክ አዳራሾች ለአራተኛና ለአምስተኛ ትውልድ የቆዩት የዚያን ዓመት ስሌት ስላስተካከሉ ነው። ዘፈንና ጭፈራ አዳራሽ አያሳድስም፤ በትክክል የተሰላ መዋጮ ያሳድሳል።

ከተማ ያለው ሠራተኛ ደግሞ ዕቁብ መሰል የቤት መሥሪያ ማኅበር ነበረው። አባላት በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም ያስገባሉ፤ ገንዘቡ ሲሞላ ማኅበሩ ለአንዱ አባል ቤቱን በመያዣነት ይዞ ያበድራል፤ እሱ ከነወለዱ ይመልሳል፤ ወለዱ ለሁሉም ይከፋፈላል። ከዕቁብ የሚለየው በወለዱና በመያዣው ነው። በቺካጎ ፒልሰን በተባለው ሰፈር ጀምረው ወደ ምዕራብ እየገፉ ቤት የሠሩት በዚህ መንገድ ነው።

አገር ያቆሙ፣ የአገሩ ዜጋ ያልሆኑ

በሜይ 1918 የቼክና የስሎቫክ ነፃነት ትግል መሪ የነበረው ቶማሽ ማሳሪክ ቺካጎ ሲገባ የጠበቀው የሰው ባሕር ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ በፒትስበርግ ከቼክና ከስሎቫክ ማኅበራት ጋር ስለሚመሠረተው የጋራ አገር ስምምነት ተፈራረመ። የአሜሪካ ቼኮች ገንዘብ አዋጥተዋል፣ ተሟግተዋል፣ ልጆቻቸውን ለጦር ልከዋል። ኦክቶበር 28 ቀን 1918 ቼኮዝሎቫኪያ ተመሠረተች።

አዲሲቷ አገር ዜጎቼ እነማን ናቸው ስትል ግን ያየችው ውለታን ሳይሆን የቀዬ መዝገብን ነው። በኦስትሪያ ዘመን እያንዳንዱ ሰው የአንድ ማዘጋጃ ቤት «ባለ ቀዬ» ነበር፤ ቢደኸይ ቢታመም የመጦር ግዴታው የዚያ ማዘጋጃ ቤት ነው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቶች ማን የእነሱ እንደሆነ በጥንቃቄ ይመዘግቡ ነበር፤ ማስረጃውም «ዶሞቭስኪ ሊስት» ይባላል። የ1920ው የዜግነት ሕግ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ቀድሞውኑ አሜሪካዊ የሆነው ሰው የኦስትሪያ ተገዥነቱን ስላጣ የቀዬ መብቱም አብሮ ሄዷል።

እዚህ ላይ ሁለት ወንድማማቾችን እናስብ። በ1905 አብረው ወጡ። አንዱ ኔብራስካ ሄዶ መሬት ለማግኘት በ1911 አሜሪካዊ ሆነ። ሌላው ቺካጎ ፋብሪካ ገባ፤ ለፋብሪካ ወረቀት አያስፈልግምና ዜግነቱን ሳይቀይር ኖረ። ቼኮዝሎቫኪያ ስትመሠረት የቺካጎው ወንድም ከቤቱ ሳይነቃነቅ የቼኮዝሎቫኪያ ዜጋ ሆነ፤ የኔብራስካው አልሆነም። የቺካጎው በ1935 አሜሪካዊ ቢሆንስ? ያጣል፤ በ1928 ፕራግና ዋሽንግተን የተፈራረሙት ውል ከሁለቱ አንዱን አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ የሌላኛውን ያጣል ይላልና። ነገር ግን ለማጣት መጀመሪያ ኖሮት ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቹ መንገድ አላቸው፤ የኔብራስካው የልጅ ልጆች የላቸውም። ከንጉሡ ፈጥኖ የተላቀቀው ለዘሩ ያስተላለፈው ባዶ ገጽ ነው።

በዚያ መካከል የአሜሪካ በር ጠበበ። የ1924ቱ ሕግ ለቼኮዝሎቫኪያ በዓመት 3,073 ሰው ብቻ መደበ፤ በ1929 ይኸው ወደ 2,874 ወረደ። ፍልሰቱ ወደ ካናዳና ወደ ደቡብ አሜሪካ ዞረ። በአርጀንቲና ቻኮ ግዛት ሮኬ ሳኤንስ ፔኛ አካባቢ የሰፈሩት ቼኮች ጥጥ ያዙ። ብራዚል ውስጥ ከዚያ በፊትም ቼኮች ነበሩ፤ ብራዚሊያን ያስገነባው ፕሬዝዳንት ዡሴሊኖ ኩቢቼክ የአንድ ቼክ አናጢ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። በ1939 ደግሞ የጫማ ነጋዴው የባታ ቤተሰብ ተከፋፍሎ ወጣ፦ ያን አንቶኒን ባታ ኋላ ብራዚል ገብቶ ከተሞች ቆረቆረ፤ የወንድሙ ልጅ ቶማስ ከ100 ያህል ቤተሰብ ጋር ካናዳ ኦንታሪዮ ሄዶ ባታዋ የሚባል የፋብሪካ ከተማ አቆመ።

ከ1948 በኋላ፦ መውጣት ወንጀል ሲሆን

በፌብሩዋሪ 1948 ኮሚኒስቶች ሥልጣን ሲይዙ የሚወጣው ሰው ዓይነት ተለወጠ። ጎጆውን ሸጦ ወኪል ፈልጎ የሚሄድ ቀረ፤ በሌሊት በሹማቫ ደን በኩል ባቫሪያ የሚገባ፣ ቦርሳ እንኳ የማይዝ፣ ጠበቃና ሐኪምና ተማሪ መጣ። መጀመሪያ የሚያርፈው የጀርመን መጠለያ ጣቢያዎች ውስጥ ነው፤ ከሁሉ ስሙ የከፋው ኑረምበርግ አጠገብ ያለው ቫልካ ነበር። አሜሪካ በዚያ ዓመት ባወጣችው የተፈናቃዮች ሕግ ለአዲሶቹ የቼኮዝሎቫኪያ ስደተኞች 2,000 ቪዛ ብቻ ለየች። የቀረው በዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት መርከቦች ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ ሄደ። የአውስትራሊያው ውል 2 ዓመት መንግሥት በመደበው ሥራ መሥራት ነው፤ ሸንኮራ ቆረጣ፣ ባቡር ሐዲድ፣ በ1949 በተጀመረው የስኖዊ ተራሮች የኃይል ማመንጫ ቁፋሮ። የሐኪም ዲፕሎማ ያለው ሰው ያን 2 ዓመት በአካፋ ጨርሶ ፈተናውን እንደገና ከመጀመሪያው ይቀመጥ ነበር፤ ብዙዎቹ ወደ ሙያቸው ሳይመለሱ ቀሩ።

በኦገስት 1968 በሶቪየት ኅብረት የሚመራው የዋርሶ ቃል ኪዳን ጦር ሲገባ ሁለተኛው ጎርፍ ወጣ። ድንበሩ ለአንድ ዓመት ያህል በከፊል ክፍት ነበር፤ በኦክቶበር 9 ቀን 1969 ተዘጋ። ካናዳ ብቻዋን ወደ 12 ሺህ ሰው ተቀበለች፤ ያኔ በሩ ለባለ ሙያ ክፍት ስለነበረ እነዚህ ከ1948ቶቹ ይልቅ በቶሎ ተቋቋሙ። ከ1969 በኋላ ለመውጣት የመውጫ ፈቃድና ባንክ የሚሰጠው የውጭ ምንዛሪ ወረቀት ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱንም የማያገኝ ሰው ወደ ዩጎዝላቪያ ለሽርሽር ብሎ ተመዝግቦ በዚያ በኩል ወደ ኦስትሪያ ይሻገር ነበር፤ ትራይስኪርኸን ጣቢያ ገብቶ ይጠብቃል።

በሌለበት የሚፈረድበት ወንጀል «ሪፐብሊኩን መተው» ይባላል። የ1961ዱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 109 ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያስፈርዳል። ንብረት ይወረሳል፤ እዚያ የቀሩት ልጆችና ወንድሞች ዩኒቨርሲቲ መግባት ይከለከላሉ። ዜግነትም ለብዙዎቹ ተገፈፈ። ወጥቶ አሜሪካዊ የሆነው ደግሞ መገፈፍም አያስፈልገውም፤ የ1928ቱ ውል በራሱ ያስቀረዋል። ይህ ልዩነት የወረቀት ጨዋታ ይመስላል፤ ከ1989 በኋላ ግን ቤት አሳጥቷል።

ቤቱ አለ፣ ቁልፉ የለም

ኮሚኒዝም ሲወድቅ በ1990 የወጣው ሕግ ከ1949 እስከ 1989 ዜግነታቸውን የተገፈፉ ሰዎች መልሰው እንዲያገኙት ፈቀደ፤ ከዓለም አቀፍ ውል ጋር ካልተጋጨ በስተቀር። የ1928ቱ ውል አሁንም ጸንቶ ስለነበር የአሜሪካዎቹ ተጋጨ። በ1991 የንብረት መመለስ ሕግ ሲወጣ ሁለት መስፈርት አስቀመጠ፦ ዜጋ መሆንና አገር ውስጥ መኖር፤ ለማመልከትም የተሰጠው ጊዜ 6 ወር ነበር። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1994 የመኖሪያውን መስፈርት ሻረ፤ የዜግነቱን ግን አቆየ። ስለዚህ ከአንድ ሕንፃ ከተወረሱ ሁለት ወንድማማቾች መካከል ጀርመን የሄደው ሊያስመልስ ይችላል፤ አሜሪካ የሄደው ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ ከ1995 ጀምሮ በተደጋጋሚ ይህ አድልዎ ነው ብሎ ወሰነ፤ የፕራግ መንግሥት ግን ሕጉን አልለወጠም። ውሉ በ1997 ቀረ፤ በ1999 የቀድሞ ዜጎች በመግለጫ ዜግነት እንዲመልሱ ተፈቀደ። የንብረቱ ጊዜ ግን ያኔ አልፎ ነበር።

ዛሬ ቆንስላ የሚቀርበው ፋይል

ከ2014 ጀምሮ የጸናው የዜግነት ሕግ ጥምር ዜግነትን ፈቀደ። በ2019 የወጣውና ከዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የጸናው ማሻሻያ ደግሞ የቀድሞ ዜጋ ልጅም የልጅ ልጅም በመግለጫ ብቻ ዜጋ እንዲሆን በር ከፈተ። የቋንቋ ፈተና የለም፤ እዚያ መኖርም አይጠየቅም። በተለመደው መንገድ ዜግነት የሚጠይቅ የውጭ ሰው ግን እንደ ደንቡ 5 ዓመት ቋሚ ነዋሪ ሆኖ በቼክኛ ይፈተናል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ከልጅ ልጅ በታች ያለው አይገባም። ኩቢቼክ በሕይወት ኖሮ ቢያመለክት በአንድ ትውልድ ይርቅ ነበር፤ አናጢው ቅድመ አያቱ ደግሞ ቼኮዝሎቫኪያ ከመፈጠሯ አስቀድሞ ስለወጣ በሁለት በኩል ይወድቃል። ከስሎቫኪያ ወገን የሆነ አያት ያለው ጉዳዩን ብራቲስላቫ መጠየቅ አለበት። በ1945ቱ አዋጅ ዜግነታቸውን ያጡ የሱዴተን ጀርመኖች (በቼክ የድንበር አካባቢዎች ይኖሩ የነበሩ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች) ዘሮችም በዚህ መንገድ አይገቡም።

እኛ ጋር ያለው ሕግ በተቃራኒው የተሰፋ ነው። በ2002 (በእኛ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም.) የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ እስከ ቅድመ አያት ይወርዳል፤ ሥራና ቪዛ ያቀላል፤ ዜግነትና የምርጫ ካርድ ግን አይሰጥም። የቼኩ በሩ ጠባብ ነው፤ የገባበት ግን ሙሉ ዜጋ ይሆናል።

ሥራው የሚጀምረው ከመንደሩ ስም ነው። የአሜሪካ መዝገቦች «ቦሄሚያ» ወይም «ኦስትሪያ» ብለው ያልፋሉ፤ ኖቫ ቬስ፣ ማለትም አዲስ መንደር፣ የሚባል ቦታ ደግሞ ቼክ ውስጥ በደርዘን ይቆጠራል። መንደሩና ደብሩ ከታወቀ የቆዩትን የልደትና የጋብቻ መዛግብት የክልል ቤተ መዛግብት በኢንተርኔት በነፃ አስቀምጠዋቸዋል፤ የልደት መዝገብ ከመጨረሻው ምዝገባ 100 ዓመት ካልሞላው ግን ከከተማው መዝጋቢ ቢሮ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። የድሮው ጽሑፍ በጀርመንኛ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ ለማያውቀው ሰው ዓይን የሚያሳውር።

ቀጥሎ ሁለት ማስረጃ፦ አያቱ የቼኮዝሎቫኪያ ዜጋ እንደነበረና መቼ እንዳጣው። ለመጀመሪያው ዶሞቭስኪ ሊስት ወይም የቆየ ፓስፖርት፤ ለሁለተኛው የአሜሪካ ዜግነት የወሰደበት ወረቀት ከነቀኑ። ቀኑን የማያይ ሰው ይሳሳታል። የ1928ቱ ውል በጦርነት ጊዜ ስለተወሰደ ዜግነት የተለየ አንቀጽ ስላለው፣ በዚያ ዘመን አሜሪካዊ የሆነ አያት ጭራሹን ላያጣው ይችላል፤ ያኔ ልጁ መግለጫ ሳይሆን የዜግነት ማረጋገጫ ነው የሚጠይቀው፤ ፎርሙም ሌላ ነው።

ከዚያ ሰንሰለቱ፦ የአያት ጋብቻ፣ የእናት ወይም የአባት ልደትና ጋብቻ፣ የአመልካቹ ልደት። የአሜሪካ ግዛት ያወጣው ወረቀት አፖስቲል፣ ማለትም ለውጭ አገር እውነተኛነቱን የሚያረጋግጥ ምስክር ወረቀት፣ ከዚያው ግዛት ይደረግበታል፤ የፌዴራል የሆነው የዜግነት ወረቀት ግን ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ። ሁለቱን ማምታታት በወራት የሚቆጠር ጊዜ ያስከፍላል። ካናዳ የአፖስቲሉን ስምምነት ሥራ ላይ ያዋለችው በጃንዋሪ 2024 ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ መመሪያ የሚከተል ያረጀ መንገድ ይሄዳል። ትርጉሙ በቼክ ፍትሕ ሚኒስቴር መዝገብ ያለ፣ ክብ ማኅተም ያለው ተርጓሚ የሠራው መሆን አለበት፤ አፖስቲሉም አብሮ ስለሚተረጎም ከአፖስቲሉ በፊት ያስተረጎመ ሁለቴ ይከፍላል።

ፋይሉን የሚያደክመው ግን ስም ነው። ኩቢቼክ በቼክኛ Kubíček ተብሎ የሚጻፍ፣ በብራዚል መዝገብ ግን በጀርመንኛ አጻጻፍ Kubitschek ሆኖ የገባ ስም ነው። ቫስላቭ ጄምስ ሆኖ፣ ፍራንቲሼክ ፍራንክ ሆኖ፣ በቼክኛ በሴት የቤተሰብ ስም መጨረሻ የሚቀጠለው «ኦቫ» ተቆርጦ ይገኛል። ሦስት ወረቀት ላይ ሦስት ዓይነት ስም ያለው አያት አንድ ሰው መሆኑን ማሳየት የአመልካቹ ዕዳ ነው፤ የመርከብ ዝርዝር፣ የሕዝብ ቆጠራ፣ የዕድሩ የአባልነት ደብተር ሳይቀር የልደት ቀንና መንደር ካለበት ይረዳል።

መግለጫው ለቆንስላ ወይም እዚያው አገር ላለ የክልል ጽሕፈት ቤት ይገባል። ከተቀበሉት በኋላ የሚወለድ ልጅ ዜጋ ሆኖ ይወለዳል። ፓስፖርት ከመውጣቱ በፊት ግን አዲሱ ዜጋ ልደቱንና ጋብቻውን ብርኖ ከተማ ባለው፣ ውጭ አገር የተፈጸመውን በሚመዘግበው ልዩ መዝገብ ማስገባት አለበት። ኔብራስካ የተወለደች ሴት ልደቷ በቼክኛ እንደገና የሚጻፈው እዚያ ነው። ከ2022 ወዲህ ምክንያት ሳትሰጥ የአባቷን ስም እንዳለ መያዝ ትችላለች፤ ፎርሙ ላይም ያቺው ጥያቄ አለች፦ ከ«ኦቫ» ጋር ወይስ ያለ «ኦቫ»?